በሁዳዴ የተበሉት ሰባት ከብቶች

ተረት ተረት።

«የከብት በረት።»

በረቱስ ነበረ። ከብቱ ግን አልነበረም። ከብቱ የት ገባ? እሱን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ቀጨም ውሃ በሚባል አገር ባላምባራስ ገድሉ የሚባሉ ሹም ነበሩ። ሹመታቸው ትንሽ ነበረች፤ ሆዳቸው ግን ትልቅ ነበር። ሥጋ ይወዳሉ። ሥጋ የማይወድ ማን አለ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጥርሴ ሳይረግፍ በጣም እወድ ነበር። የባላምባራስ ግን መውደድ አይባልም። ጠዋት ጥብስ ይበላሉ፣ ቀትር ላይ ቁርጥ ይበላሉ፣ ማታ ወጥ ይበላሉና ሲተኙ ደግሞ ቋንጣ ከትራሳቸው ሥር ያኖራሉ። ሌሊት ሲባንኑ እንዲያኝኩት ነው።

ይህ ሁሉ ሥጋ ከየት ይመጣል? ከመንደሩ ነዋ። ባላምባራስ በየሰኞው አንድ ቤት አንድ ከብት ያምጣ ብለው አዘው ነበር። መጀመሪያ በጉና ፍየሉ አለቀ። ከዚያም ጊደሮቹ አለቁ። ከዚያም የሚታለቡት ላሞች ሄዱና ልጆች ወተትን በወሬ ብቻ የሚያውቁት ሆነ። በመጨረሻም ተራው የእርሻ በሬ ላይ ደረሰ። አንዱ ገበሬ ለበሬው ጓደኛ ቢያጣ ከበቅሎ ጋር ጠመደው። በቅሎዋ ተናደደችና ሞፈሩን ሰብራ ቤቷ ገባች።

የባላምባራስ ወጥ ሠሪ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ እጇ የጣፈጠ፣ ምላሷም የፈጠነ ሴት ነበረች። ድንጋይ ቀቅላ ብታቀርብ መረቁ ይጠጣላታል ይባል ነበር። እሷም ብትሆን ሥጋ ትወዳለች። ቅልጥም ስትመጥ ዓይኗን ጨፍና ነው። ሰኞ ጠዋት ከብቱ ከጓሮዋ ካለው ወይራ ላይ ይታሰራል። ታየዋለች፣ ውሃም ታቀርብለታለች። ቀትር ላይ ድስቷ ውስጥ ታገኘዋለች። ጠዋት ያየችውና ቀትር ያማሰለችው አንድ መሆኑን አታስበውም ነበር። ማን ያስበዋል? እናንተስ ታስቡታላችሁ?

አንድ ዓመት የቅበላ እሑድ ደረሰ። በማግሥቱ ሁዳዴ ሊገባ ነው። አምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላልም የለም። መንደሩ ሁሉ ድስቱን በአመድ ያሻል፣ የቅቤውን ቅል ከፍ አድርጎ ይሰቅላል። ባላምባራስ ግን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ማንጠግቦሽን አስጠሩና መጋረጃውን ጋረዱ።

ከዚያም፦ «ዘንድሮ አልችልም» አሏት።

ማንጠግቦሽም፦ «ምኑን ነው የማይችሉት ጌታዬ?» አለች።

ባላምባራስም፦ «ጾሙን ነዋ። አምና እንዴት እንደሆንኩ አንቺ ምን ታውቂያለሽ። ቅዳሴ ቆሜ የዲያቆኑን ባት አየሁና ምራቄን ዋጥሁ። ከዚያ በላይ ምን ይመጣል? ዘንድሮ ከዚህ መጋረጃ ኋላ እበላለሁ። ስበላ የምታዪኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አሏት።

ማንጠግቦሽ ደነገጠች። ግን ሹም ናቸውና፦ «ከብቱስ በጾም ለምን ይመጣል ቢባል?» አለች።

ባላምባራስም፦ «ለፋሲካ ግብዣ እያሰባሰብኩ ነው ብዬ ለመንደሩ ነግሬያለሁ። ደርብ ከታች ሸለቆው ውስጥ ይጠብቃቸዋል። በየሰኞው አንዱን እዚያው ያርድና ሥጋውን በአገልግል አድርጎ በጓሮ በር ያመጣልሻል» አሉ።

እሷም፦ «ፋሲካ ሲደርስ ከብቶቹ የታሉ ቢባልስ?» አለች።

እሳቸውም፦ «ጅብ በላቸው ይባላላ። ጠባቂው ደርብ አይደለም? እሱ ይጠየቅበታል» አሉና ቋንጣቸውን ከትራስ ሥር አወጡ።

ደርብ ማን ነው? ደርብ ድሃ ገበሬ ነው። ሁለት በሬ ነበረው። አንዱ በጥር ወር የባላምባራስ ጥብስ ሆነ። የቀረው ወይኖ የሚባል ቀላ ያለ በሬ ነው። የሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ ተራው የደርብ ነበር። እንግዲህ ደርብ የገዛ በሬውን ራሱ ሊያርድ፣ ራሱ ሊያመጣ፣ ኋላም ራሱ ሊወነጀልበት ነው። ማንጠግቦሽ ይህን ታውቃለች። ደርብ ግን መጨረሻውን አያውቅም። አልነገረችውም። ፈራች።

ሰኞ ሆነ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ደርብ በጓሮ በር መጣ። ማንጠግቦሽ አገልግሉን ተቀበለችው። ቀለላት። ከፈተችው። ባዶ ነው።

ማንጠግቦሽም፦ «ሥጋው የታል?» አለችው።

ደርብም፦ «ሣር ይግጣል» አላት።

«ምን አልክ?»

«ሣር ይግጣል። አላረድኩትም።» ደርብ ከማጀቷ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ቢላዋውን ስስል ቆሞ አየኝ። እኔ እኮ በዚህ ቢላዋ ጀርባ ነው መዥገር የምፍቅለት። ሁልጊዜ ማታ ማታ ነው። ቢላዋውን ይዤ ስጠጋው መዥገሩን ልፍቅለት መሰለውና አንገቱን ዘረጋልኝ። ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ዓይኑን ከደነ። ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ? መዥገሩን ፈቅኩለትና መጣሁ» አላት።

ማንጠግቦሽ መጀመሪያ ያዘነች እንዳይመስላችሁ። ተናደደች እንጂ። «አያ ደርብ፣ አንተ ለበሬህ አዘንክ። ለኔ ጀርባ ማን ይዘንልኝ? ፀሐይዋ ሳትገባ ገበታ ካልቀረበ የሚገረፈው የማን ገላ ነው?» አለችው።

ደርብም፦ «እውነትሽን ነው። እኔ ልገረፍ። ንገሪያቸው» አለና አንገቱን ደፋ።

ማንጠግቦሽ ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ግን ደርብ አንገቱን ሲደፋ በሬው እንዴት አድርጎ አንገቱን እንደዘረጋ ታያት። ያን የወይራ ዛፍም አየችው። ገመዱ የላጠው ቅርፊት ይታያል። ስንት ከብት ታስሮበታል? ስንቱን ውሃ አጠጥታ ሸኘች? ለመቁጠር ሞከረችና ተወችው።

ከዚያም ወደ ማጀቷ ገባች። ምን አለ? ምስር አለ። ሽንኩርት አለ። በርበሬ አለ። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ቁና ሽምብራ አለ።

የሽምብራ ዓሣ ታውቃላችሁ አይደል? በጾም ጊዜ ሽምብራውን ፈጭተው፣ በዘይት ለውሰው፣ በዓሣ ቅርጽ እየሠሩ ይጠብሱትና ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። ማንጠግቦሽም ሽምብራውን ትክ ብላ አየችው። ዓሣ መሆን የቻለ በሬ መሆን ምን ያቅተዋል? አለች በልቧ።

ደርብን፦ «ተነስ። እንጨት ፍለጥ» አለችው።

ሽምብራውን አመሰች፣ ከካች፣ ፈጨች፣ ነፋች። ዱቄቱን በሱፍ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት አሸች። ጥቂት በርበሬ ጣል አደረገችበትና ቀላ አለ። ከዚያም እንደ ሥጋ ረዘም ረዘም አድርጋ ቆረጠችው። በቢላዋ ጫፍ ቀጫጭን መስመር አወጣችለትና የሥጋ ጅማት መሰለ። አንዳንዱን ሆን ብላ አጣመመችው። እውነተኛ ሥጋ መች ቀጥ ብሎ ያውቃል? ጠበሰችውና ቁሌቱ በደንብ እስኪቁላላ፣ ኮረሪማው እስኪሸት ድረስ አብስላ በወጭት አቀረበችው።

መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ወጭቱን ከፊታቸው አኖረች። ባላምባራስ እጃቸውን ታጠቡ። ጎረሱ። አላመጡ። ማላመጡን አቆሙ።

ባላምባራስም፦ «ማንጠግቦሽ» አሉ።

«አቤት።»

«ይህ በሬ ምን እየበላ ነው ያደገው?»

 ማንጠግቦሽ ግን ምላሷ ፈጣን ነውና፦ «የሰው ማሳ እየገባ ሽምብራ ይበላ ነበር ይላሉ» አለች።

ባላምባራስም፦ «ያስታውቃል» አሉና ወጭቱን ጠርገው በሉ።

እንዲህ ሆኖ አንድ ሳምንት አለፈ። በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ቤት ላም አመጣ። ደርብ ተቀበለና ወደ ሸለቆው ነዳት። ማንጠግቦሽ ሌላ ቁና ሽምብራ ፈጨች። በሦስተኛው ሰኞም እንዲሁ ሆነ። ከብቶቹ ከታች ሣር ይግጣሉ፣ ባላምባራስ ከላይ ሽምብራ ይግጣሉ። ባላምባራስ ለመንደሩ የዋሹት ውሸት፣ ለፋሲካ ከብት እየጠበቅን ነው ያሉት፣ እሳቸው ሳያውቁት እውነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ባላምባራስ ግን ዝም ብለው የሚበሉ ሰው አይደሉም። ይጠይቃሉ።

አንድ ቀን፦ «አጥንቱ የታለ? ቅልጥም አምሮኛል» አሏት።

ማንጠግቦሽም፦ «ጌታዬ፣ አጥንት ወሬኛ ነው። ውሻ ይዞት ይወጣና በሁዳዴ በመንደሩ መሐል ይቆረጥመዋል። ሰው ከየት መጣ ቢል ምን እንላለን?» አለች። ባላምባራስም፦ «እውነትሽን ነው» አሉ።

ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ቅቤ የለውም እኮ» አሏት።

እሷም፦ «ቅቤ ይሸታል። መምሬ ክንፉ በዚህ መንገድ ነው የሚያልፉት፤ የመምሬን አፍንጫ ያውቁታል» አለች። ባላምባራስም፦ «ይቅር፣ ይቅር» አሉ።

በአራተኛው ሳምንት ግን ክፉ ጥያቄ መጣ። ባላምባራስ፦ «ነገ ጥሬ ሥጋ እፈልጋለሁ። ቢላዋዬንና አዋዜዬን አዘጋጂልኝ» አሉ።

ማንጠግቦሽ ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሽምብራ ወጥ ይሆናል፣ ጥብስም ይሆናል። ጥሬ ሥጋ እንዴት ይሆናል? ተገላበጠች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች። ጠዋት ገብታ እጅ ነሳችና እንዲህ አለች፦ «ጌታዬ፣ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ኮሶ ይታየዋል። ኮሶ የታየው ኮሶ ይጠጣል። ኮሶ የጠጣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደ ጓሮ ሲሮጥ ይውላል። በሁዳዴ ባላምባራስ ኮሶ ጠጥተው ሲሮጡ ዋሉ ቢባል፣ ምን በልተው ነው አይባልም?»

ባላምባራስ አሰቡ። ራሳቸውን ወደ ጓሮ ሲሮጡ፣ መምሬ ክንፉን ደግሞ በአጥሩ በኩል ሲያዩ አሰቡት። ከዚያም፦ «ጥብስ ይሁን» አሉ።

ማንጠግቦሽ ፈተናውን ሁሉ አለፈች። አንድ ነገር ግን ያበሽቃት ጀመር። ባላምባራስ ያመሰግናሉ፤ የሚያመሰግኑት ግን ከብቱን ነው። «የደርብ በሬ ሥጋው ልዩ ነው» ይላሉ። «ይህቺ ላም ወልዳ የምታውቅ ናት፤ ሥጋዋ ይናገራል» ይላሉ። «ይህ ደግሞ ቆላ የዋለ ወይፈን ነው፤ ትንሽ ፀሐይ ፀሐይ ይላል» ይላሉ። ማንጠግቦሽ ከመጋረጃው ሥር ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ክንዷ በወፍጮ አብጧል፣ ዓይኗ በሽንኩርት ቀልቷል። ምስጋናው ግን ሸለቆ ውስጥ ሣር ለሚግጥ በሬ ይሄዳል። አንዳንዴ ልንገራቸውና ይግረፉኝ ብላ ታስብ ነበር። ሙያዋን የማያውቅላት ሰው ከጅራፍ ይብስባት ነበር።

እንዲህ እያለ ሰባት ሰኞ አለፈ። ሰባት ከብት ሸለቆ ገባ።

እንግዲህ ሽምብራ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። አትሳቁ፣ ታውቃላችሁ። አንድ እፍኝ የበላ ሰው እንኳን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደ ኋላ ይቆማል። ባላምባራስ ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ወጭት በወጭት በልተዋል። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ሆዳቸው ተነፋ። እንደ ከበሮ ሆነ። ይጮሃል፣ ያጉረመርማል፣ ዝም ይልና ደግሞ ይጀምራል። ባላምባራስ አልጋቸው ላይ ተጋደሙ። ላብ አጠመቃቸው።

ባላምባራስም፦ «የበላኋቸው ናቸው። ሆዴ ውስጥ ሆነው ይጮሃሉ። ላሟ ስትጮህ ሰማኋት። ልሞት ነው። መምሬ ክንፉን ጥሩልኝ፤ ነገ ሆሳዕና ነው፣ ሕማማት ከገባ ኑዛዜ የለም» አሉ።

መምሬ ክንፉ የባላምባራስ የንስሐ አባት ናቸው። ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። መጡና ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ሌላው ሰው ሁሉ ወጣ። ማንጠግቦሽም ወጥታ ከመጋረጃው ውጪ የሞቀ ውሃ ይዛ ቆመች። ኑዛዜ በሹክሹክታ ነው የሚደረገው። ባላምባራስ ግን ሆዳቸው ስለሚጮህ ከሆዳቸው በላይ መጮህ ነበረባቸው። ስለዚህ ማንጠግቦሽ ሳትፈልግ ሁሉን ሰማች።

ባላምባራስም፦ «አባቴ፣ በሁዳዴ ሥጋ በላሁ። ሰባት ከብት በላሁ። የድሃ በሬ በላሁ። ጅብ በላቸው ብዬ በደርብ ላይ ላሳብብ ነበር» አሉ።

መምሬ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያም፦ «ብቻዎን ነው የበሉት?» አሉ።

«ብቻዬን። የሠራችው ማንጠግቦሽ ናት።»

«እንግዲያው እሷም ከኃጢአቱ አለችበት። ትምጣ» አሉ መምሬ።

ማንጠግቦሽ ገባች። ውሃውን ከአልጋው እግር አጠገብ አስቀመጠች። መምሬም፦ «ልጄ፣ እግዚአብሔርን ፈርተሽ ንገሪኝ። በሁዳዴ ሥጋ ሠርተሻል?» አሏት።

አሁን ምን ትበል? ሠርቻለሁ ብትል ጀርባዋ ይተርፋል። ግን ያልሠራችውን ኃጢአት በካህን ፊት መውሰድ ነው። አልሠራሁም ብትል ነፍሷ ትተርፋለች፤ ጀርባዋ ግን አይተርፍም። ደርብም አለ፤ ደርብም ያልቅለታል። ባላምባራስን አየቻቸው። ያ ሁሉ ሰውነት በፍርሃት ተጨማዶ እንደ ሕፃን ሆኗል። ጠልታቸው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ባልበሉት ሲቀጡ ማየት አላስቻላት።

ማንጠግቦሽም፦ «አልሠራሁም» አለች።

ባላምባራስ ከትራሳቸው ቀና አሉና፦ «ሠርታለች። እኔ በልቻለሁ» አሉ።

«አልበሉም።»

«በልቻለሁ ነው የምልሽ።»

«እኔም አልበሉም ነው የምለው።»

መምሬ ክንፉ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን አዩ። «አርባ ዓመት ኑዛዜ ሰማሁ። ሰው ኃጢአቱን ሲደብቅ አይቻለሁ። ኃጢአቱን ሲከለክሉት የሚጣላ ሰው ግን ዛሬ አየሁ» አሉ።

ባላምባራስም፦ «ታዲያ ሰባት ሳምንት ምን በላሁ?» አሉ።

ማንጠግቦሽም፦ «ሽምብራ» አለች።

 የባላምባራስ ሆድ ብቻ ረዘም አድርጎ መለሰ። መምሬም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አለቀሱ ይሁን ሳቁ እኔ አላውቅም።

ባላምባራስ አላመኑም። «እኔ ገድሉ ሽምብራና ሥጋ አልለይም? የደርብን በሬ ጣዕም እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ይህቺ ሴት ራሷን ልታድን ነው» አሉ። ማንጠግቦሽም፦ «እንግዲያው ወደ ሸለቆው ይላኩ» አለች።

ተላከ። ደርብ ነገሩን ሲሰማ ያለቀለት መሰለው። ግን ከብቶቹን አንድ በአንድ ፈታና አቀበቱን ይዞ ወጣ። ባላምባራስን በሁለት በኩል ደግፈው ከበረንዳው አስቀመጧቸው። ከዚያም ከብቶቹ በፊታቸው ማለፍ ጀመሩ።

መጀመሪያ ወይኖ አለፈ። ከዚያም ነጭ ላም፣ ከዚያም ጥቁር ላም፣ ከዚያም ቀንዱ የተሰበረ ወይፈን አለፈ፤ ሌሎች ሁለትም ተከተሉ። ባላምባራስ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። የበላችሁት ነገር በፊታችሁ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ያችን በሦስተኛው ሳምንት በላኋት» ይላሉ ቀስ ብለው። «ያ ደግሞ ያ ወይፈን ነው። ከእሱ ለመምሬ ቋንጣ ለፋሲካ ላስቀርላቸው አስቤ ነበር» ይላሉ። ጥቁሯ ላም ቆም አለችና እያመሰኳች ትክ ብላ አየቻቸው። ባላምባራስ ዓይናቸውን ሰበሩ።

በመጨረሻ አንዲት ቡላ ላም መጣች። ከኋላዋ እግሯ ገና ያልጠና ጥጃ ትከተላታለች። ጥጃዋ እዚያው ሸለቆ ውስጥ የተወለደች ናትና ሰው መፍራት አላወቀችም። ወደ በረንዳው ወጣችና የባላምባራስን የጋቢ ጫፍ መጥባት ጀመረች።

ባላምባራስም፦ «ይህቺንስ መቼ ነው የበላኋት?» አሉ።

ደርብም፦ «እሷን አልበሏትም ጌታዬ። ከተወለደች ገና አሥር ቀኗ ነው» አለ።

ባላምባራስም፦ «እናቷን የበላሁት በአምስተኛው ሰኞ ነው» አሉ። ቆጠሩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዲያው ይህቺንም ሳላያት አብሬ በልቻት ነበር» አሉ። ጋቢያቸውን ግን ከጥጃዋ አፍ አላወጡም።

ከዚያም ወደ ማንጠግቦሽ ዞሩ። «አታለልሽኝ» አሏት።

«አዎ» አለች።

«ሰባት ሳምንት ሙሉ።»

«አዎ ጌታዬ።»

ባላምባራስ እጃቸው ጅራፉ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ሄደ። ማንጠግቦሽ አልሸሸችም። ደርብ ከፊቷ ቆመ። መምሬ ክንፉም በመቋሚያቸው የባላምባራስን ክንድ ቀስ ብለው ነኩና፦ «ሊገርፏት ነው? እርስዎ ጾሙን ሊሽሩ ቆርጠው ሲነሱ ጾሙን የጠበቀችልዎትን ሴት?» አሉ።

ባላምባራስም፦ «እንግዲያውስ እኔ ጾሜያለሁ ወይስ አልጾምኩም?» አሉ።

መምሬ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ሆድዎ ጾሟል። ልብዎ ግን ሰባት ከብት በልቷል። ሆድዎን ፈትቼዋለሁ። የልብዎን ቀኖና ግን እሰጥዎታለሁ። ነገ ከብቶቹን በገዛ እጅዎ እየጎተቱ፣ በእግርዎ እየሄዱ፣ ለየባለቤታቸው ይመልሱ። የሰኞውም ትእዛዝ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።»

ባላምባራስ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ። ቀና ሲሉ ማንጠግቦሽን አዩዋት። «ያ ሁሉ ጣዕም፣ ላሟ ትናገራለች ያልኩት፣ ወይፈኑ ፀሐይ ፀሐይ ይላል ያልኩት፣ ያ ሁሉ ያንቺ እጅ ነበር?» አሏት።

ማንጠግቦሽም፦ «የኔ እጅ ነበር» አለች። ጅራፉ ሲመጣ ያላለቀሰችው ሴት ያኔ አለቀሰች።

በማግሥቱ ሆሳዕና ነው። ሰው ሁሉ ዘንባባ በራሱ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ባላምባራስ ገድሉ ከብት ሲጎትቱ ተመለከተ። ሆዳቸው ገና አልተሻለውም፤ በየጥቂት እርምጃው ይናገራል። በየደጃፉ እየቆሙ፦ «እንኩ፣ ከብታችሁ ይኸው። ጅብ አልበላውም» ይላሉ።

ሰዎቹም፦ «የቱ ጅብ ነው ጌታዬ?» ይላሉ።

ባላምባራስም፦ «ሆዱን ያመመው» ይሉና ወደሚቀጥለው ደጃፍ ይሄዳሉ።

ከዚያ ወዲህ ቀጨም ውሃ ሥጋ እርም ብሎ ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። ፋሲካ ሲመጣ ከገበያ በግ የገዛ በግ አረደ። ግን ሰው የራሱን ነው ያረደው፣ እያወቀ ነው ያረደው፣ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊትም ቆም ብሎ ያስብ ጀመር። ይህ ሞፈር የሚስብ ነው? ይህቺ ጥጃ የያዘች ናት? ይባባሉ ነበር። ወይኖ ከጎረቤት በሬ ጋር ተጠምዶ የደርብን ማሳ አረሰ። ልጆችም ወተት ከንፈራቸው ላይ ደርቆ ሲሮጡ ታዩ።

ባላምባራስስ? የፋሲካ ማግሥት ማንጠግቦሽ ማጀት ውስጥ ነበረች። ከማጀቱ ምሰሶ ላይ የበግ ታፋ ተሰቅሏል። ጾሙ አልቋልና እንደልብ ይበላል። በሩ ጨለመ። ቀና ስትል ባላምባራስ ጎንበስ ብለው ሲገቡ አየች። ሹም ማጀት ሲገባ በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ማንጠግቦሽ ደንግጣ ተነሳች።

ባላምባራስም፦ «ተቀመጪ። እንዴት እንደምትሠሪው አሳዪኝ» አሏት።

«ታፋውን ልጥበስልዎ እንጂ ጌታዬ።»

«ታፋው ይቆይ። ሽምብራውን አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። ዱቄቱን ለወሰች፣ ዘይቱን ጨመረች፣ ግማሹን ለእሳቸው ሰጠች። እሷ እንደ ልማዷ ረዘም ረዘም አድርጋ ቆረጠችና መስመር አወጣችለት። ባላምባራስ እጅጌያቸውን ሰብስበው በዚያ ወፍራም ጣታቸው ብዙ ቆዩ። ላባቸው ጠብ ይላል። ማንጠግቦሽ ዞር ብላ ብታይ የሠሩት ሥጋ አይደለም። አራት እግር አለው። ሻኛ አለው። ቀንድ አለው፤ አንዱ ከአንዱ ይረዝማል።

ማንጠግቦሽም፦ «ይህ ምንድን ነው?» አለች።

ባላምባራስም፦ «በሬ ነው» አሉ። ትንሽ አፈሩ።

ዘይቱ ግሏል። ማንጠግቦሽ የራሷን ጠበሰችና አወጣች። ከዚያም ያን ሊጥ በሬ በመዳፏ አነሳችና ወደ ዘይቱ ጠጋ አደረገችው።

ባላምባራስም፦ «ቆይ» አሉ።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ። ትንሽ ቆይ።»

ማንጠግቦሽ አየቻቸው። በሬውንም አየችው።  ከእሳቱ ራቅ አድርጋ በሬውን ከዱቄቱ ወንፊት ላይ አቆመችው። ከዚያም ሁለቱ ማጀት ውስጥ ቆመው፣ እሷ የቆረጠችውን እየተጎራረሱ በሉ።

ተረቴ ከዚህ ላይ ደከማት፣ እኔም ከእሷ ጋር ደከመኝ። ጆሯችሁን አጥግቤያለሁ፤ እናንተ ደግሞ ሆዴን አስቡልኝ። ቆሎም ቢሆን፣ ንፍሮም ቢሆን፣ ያለውን ወዲህ በሉ። ሽምብራ ከሆነ ግን ጥቂት ብቻ ስጡኝ፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።